የተደፋው ቅርጫት፦ የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ለአሥርት ዓመታት የሚቆመው እንዴት ነው?

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በስተሰሜን ወደ ጨንቻ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ተጓዡን ከአንድ የአየር ንብረት ወደ ሌላ ያሻግረዋል። የሙዝ ማሳውና ሙቀቱ፣ የአባያና የጫሞ ሐይቆችም ወደ ታች ይቀራሉ፤ በምትካቸው ጉም፣ ብርድ፣ የእንሰት ተክልና የቀርከሃ ደን ይመጣሉ። በዚህ የጋሞ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የዶርዜ ሰዎች ከቀርከሃ የተጎነጎኑ ረጃጅም ቤቶች ይሠራሉ። አዲስ የተሠራ ቤት ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከአራት ፎቅ ሕንፃ ጋር የሚቀራረብ ነው።

የዶርዜ ስም ለብዙ ኢትዮጵያውያን ከሸማ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሽሮ ሜዳ ላይ ተሸምኖ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ለንደን ወይም ወደ ዱባይ በሻንጣ የሚሻገረው ነጠላና ቀሚስ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ተራራ የወረደ ሙያ ውጤት ነው። የዶርዜ ሸማኔ ግን ቤቱንም እንደ ጨርቁ ይሠራዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በባህላዊው አሠራር ቤቱ ሚስማርም ሆነ ሲሚንቶ አያስፈልገውም። ከመሠረቱ እስከ ጫፉ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የቀርከሃ ስንጣቂ ነው፤ በአጭሩ መሬት ላይ የተደፋ ግዙፍ ቅርጫት ማለት ነው። ቀጭን ስንጣቂ ተጠላልፎ ይህን ያህል ቁመት እንዴት ይሸከማል? ምስጥና እርጥበት በበዛበት አገርስ እንዴት አሥርት ዓመታትን ይሻገራል? መልሱ በቁሱ፣ በአጎነጓጎኑና በቅርጹ ውስጥ ይገኛል።

ዛፍ የሚመስለው ሣር

ቀርከሃን ብዙ ሰው ከዛፍ ይቆጥረዋል። በዕፀዋት ምደባ ግን ቀርከሃ የሣር ወገን ነው፤ የጤፍ፣ የስንዴና የበቆሎ ዘመድ ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ዛፍ ከዓመት ወደ ዓመት እየወፈረ ይሄዳል፤ ቀርከሃ ግን ከመሬት ብቅ ሲል የዕድሜ ልኩን ውፍረት ይዞ ነው የሚወጣው። በዝናብ ወራት የበቀለው ቡቃያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ አይረዝምም፣ አይወፍርምም።

ይህ ማለት ግን ደርሷል ማለት አይደለም። ቁመቱን የጨረሰ ወጣት ቀርከሃ ውስጡ ገና ውኃ የበዛበትና ለስላሳ ነው። የሕዋሶቹ ግድግዳ ሊግኒን በተባለው ንጥረ ነገር እየተሞላ የሚጠነክረው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ ሂደቱ ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ቁመት ዕድሜን ስለማይናገር፣ ባለሙያው ዕድሜውን የሚለየው በሌላ ምልክት ነው፦ በግንዱ ቀለም መደብዘዝ፣ በላዩ ላይ በሚበቅለው ነጣ ያለ ሽበት፣ ሲንኳኳም በሚሰጠው ድምፅ። ያልደረሰ ቀርከሃ የቆረጠ ሰው ሲደርቅ የሚጨማደድና ነቀዝ ቶሎ የሚበላው ስንጣቂ ይተርፈዋል።

በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉት ሁለት የቀርከሃ ዝርያዎች ናቸው። የቆላው ዝርያ፣ በብዙ ቦታ ሽመል የሚባለው፣ ውስጡ ድፍን ሲሆን በተለይ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በስፋት ይገኛል። የደጋው ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ በጋሞ፣ በሲዳማ፣ በሸካና በአዊ ተራሮች ላይ ይበቅላል። ሳይንሳዊ መጠሪያው እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ኦልዴኒያ አልፒና ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው ታንዛኒያ ውስጥ ካለው ኦልዴኒ ተራራ ነው። ሁለቱ ዝርያዎች በአንድ ላይ የሚሸፍኑት መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ ይህም ኢትዮጵያን በአፍሪካ በቀርከሃ ሀብት ከቀዳሚዎቹ ተርታ ያሰልፋታል።

የደጋው ቀርከሃ ባዶነት ድክመት ሊመስል ይችላል። በምሕንድስና ዓይን ግን ተቃራኒው ነው። አንድ ዘንግ ሲታጠፍ ከፍተኛው ጫና የሚያርፈው በውጫዊው አካሉ ላይ ነው፤ የመካከሉ ክፍል የሚያበረክተው ትንሽ ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ ክብደት ባዶው ቱቦ ከድፍኑ ዘንግ የበለጠ መታጠፍን ይቋቋማል። ቱቦው እንዳይጠፈጠፍ ደግሞ በየርቀቱ ያሉት አንጓዎች ከውስጥ ደግፈው ይይዙታል። የብስክሌት አካል ከቱቦ የሚሠራበት ምክንያትም ይኸው ነው።

መሰንጠቅ የሚሰጠው ጥቅም

የቀርከሃ ጥንካሬ የሚመነጨው ከግንዱ ጋር ትይዩ ሆነው ከሚወርዱ ረጃጅም ክሮች ነው። በሁለት አንጓዎች መካከል ባለው ክፍል ወደ ጎን የሚያስተሳስሩ ክሮች የሉም። በዚህ ምክንያት ግንዱ ጫፉ ላይ በገጀራ ከተከፈተ ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሮጣል። ሚስማር መምታት ለሚሻ አናጺ ይህ እንከን ነው፤ ቀርከሃው ይሰነጠቅበታልና። ለጎንጓኙ ግን መጋዝ ሳያስፈልገው፣ ክሩ ሳይቆረጥ፣ ረጅምና እኩል ስንጣቂ የሚያገኝበት መንገድ ነው።

ክሮቹ በግንዱ ውፍረት ውስጥ እኩል አልተሰራጩም። ወደ ውጭ ሲሄዱ ይጠጋጋሉ፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ይሳሳሉ። የላይኛው ልጥ ሲሊካ ያለበት፣ ጠንካራና ውኃን የሚገፋ ነው። የውስጠኛው ክፍል ለስላሳ ሲሆን ስታርች ይበዛበታል፤ ነቀዝ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ስንጣቂውን ሲያሳሳ ከውስጥ በኩል የሚፍቀው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ጊዜ ደካማውን ክፍልም የነቀዙን ምግብም ያስወግዳል።

ስንጣቂውን ማሳሳት ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው። የአንድ ዝርግ ስንጣቂ ውፍረት በግማሽ ቢቀነስ ሲጎተት የሚችለው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ለመታጠፍ የሚያሳየው ግትርነት ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ግትርነት ከውፍረት ኩብ ጋር የተያያዘ ነውና። ጥንካሬው ብዙም ሳይጎዳ ተጣጣፊነቱ እጅግ ይጨምራል ማለት ነው። ያልተሰነጠቀ ግንድ እንደ ገመድ ሊጠመዘዝ አይችልም፤ ስንጣቂው ግን ይችላል። የጉንጎና ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ድርና ማግ

ቅርጫት ሲባል ለብዙ አንባቢ ቀድመው የሚታወሱት መሶብና ሙዳይ ናቸው። እነዚህ ግን የስፌት ውጤቶች ናቸው፤ የሣር ጥቅል በወስፌ እየተወጋ በአክርማና በአለላ ይሰፋል። የቀርከሃ ቅርጫት አሠራሩ ሌላ ነው። ወደ ሽመና ይቀርባል፤ ቁመታዊዎቹ ስንጣቂዎች ድሩ ናቸው፣ ዙሪያውን የሚሄዱት ደግሞ ማጉ።

ዶርዜ ቤት ሲሠራም ተመሳሳይ አካሄድ ይከተላል። በመሬት ላይ ክብ ይሰመርና ቁመታዊዎቹ ቀርከሃዎች በዙሪያው ይተከላሉ። አግዳሚዎቹ ስንጣቂዎች አንዱን ከፊት፣ ቀጣዩን ከኋላ እያለፉ ዙሪያውን ይጠለፋሉ፤ ግድግዳው ቁመት በጨመረ መጠን ዙሩ እየጠበበ ወደ ጫፉ ይሰበሰባል። ግድግዳና ጣሪያ ተለይተው አይታወቁም፤ ሁለቱም አንድ ወጥ ልባስ ናቸው። በላዩ የእንሰት ቅጠል ሽፋንና ከቀርከሃው ግንድ የሚረግፈው ደረቅ ቅርፊት ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይለበጣል፤ የላይኛው የታችኛውን ስለሚደርብ ዝናቡ ወደ ውስጥ ሳይገባ ይንሸራተታል። ከፊት ወጣ ያለው ደጃፍና ከበላዩ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ቤቱን ኩምቢና ዓይን ያለው ዝሆን ያስመስሉታል። የአካባቢው ሰዎችም ቅርጹ ቀድሞ በዚያ ምድር ይኖሩ ከነበሩ ዝሆኖች የተወረሰ እንደሆነ ይናገራሉ።

ሚስማር በሌለበት ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው ሰበቃ ነው። ስንጣቂው አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ከታች ሲያልፍ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ጎረቤቱን ይጫናል። ሲጎተት ደግሞ ለመቃናት ስለሚሞክር ይበልጥ ይጫናል፤ ጫናው በጨመረ ቁጥር ሰበቃውም ይጨምራል። የአንዷ መገናኛ ጉልበት ትንሽ ነው። በቤቱ ላይ ግን እጅግ ብዙ መገናኛዎች አሉ፤ ሸክሙንም ይከፋፈሉታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

መሐንዲሶች ይህን ባሕርይ ትርፍ አቅም ይሉታል። በአራት ምሰሶ የቆመ ቤት አንዱ ምሰሶ ቢሰበር አደጋ ላይ ይወድቃል። በተጎነጎነ ልባስ ውስጥ ግን አንድ ስንጣቂ ቢበጠስ ሸክሙ ዞሮ በጎረቤቶቹ ያልፋል፤ የተበጠሰውም ቤቱ ሳይፈርስ በአዲስ ይተካል። ቤቱ ቀላልና ተጣጣፊ መሆኑም በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ለሚኖር ሕዝብ ትርጉም አለው። የመሬት መንቀጥቀጥ በሕንፃ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከሕንፃው ክብደት ጋር ይጨምራልና፣ ቀላል ቤት የሚደርስበት ኃይልም አነስተኛ ነው።

ቅርጹ የሚሸከመው ሸክም

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1675 ስለ ቅስቶች አንድ ሐሳብ አሳተመ። ሁለት ጫፉ ተይዞ የተንጠለጠለ ሰንሰለት በራሱ ክብደት የሚይዘው ቅርጽ ቢገለበጥ፣ ለቆመ ቅስት የተሻለው ቅርጽ ይሆናል የሚል ነበር። ሰንሰለቱ የሚሸከመው መጎተትን ብቻ ነው፤ የተገለበጠው ቅስት ደግሞ መጨመቅን ብቻ ይሸከማል። የዶርዜ ቤት ረዘም ያለና ወደ ጫፉ የሚሾል ቅርጽ ወደዚህ ይቀራረባል።

እንዲህ ባለ ቤት ክብደቱ በቁመታዊዎቹ ቀርከሃዎች በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። በታችኛው ክፍል ግን ልባሱ ወደ ውጭ ለመዘርጠጥ ይሞክራል። ይህን የሚከለክሉት ዙሪያውን የተጠለፉት አግዳሚ ስንጣቂዎች ናቸው። በርሜልን እንደሚያስር የብረት ቀለበት ሆነው በመጎተት ይይዙታል። ቀርከሃ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ በመጎተት ነው፤ በእኩል ክብደት ሲለካ ከተለመደው የግንባታ ብረት የሚስተካከል፣ የሚበልጥበትም ጊዜ አለ። እያንዳንዱ ስንጣቂ የሚሠራው በጠነከረበት አቅጣጫ ነው።

ከእግሩ እያጠረ የሚሄድ ቤት

የቀርከሃ ትልቁ ጠላት ሸክም ሳይሆን እርጥበት፣ ነቀዝና ምስጥ ነው። መሬት የነካ ያልታከመ ቀርከሃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። የዶርዜ ቤት ግን ከ60 እስከ 80 ዓመት እንደሚያገለግል ይነገራል። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ምድጃው ነው። በቤቱ ውስጥ የሚነደው እሳት ጭሱን ወደ ላይ ይልካል፤ ጭሱም በልባሱ መካከል እያጣራ ይወጣል። ሙቀቱ ቀርከሃውን ያደርቀዋል። የእንጨትና የቀርከሃ አበስባሽ ሻጋታ ደግሞ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች በሆነ ቁስ ላይ ለመኖር ይቸገራል። በስንጣቂው ላይ የሚለጠፈው ጥላሸትም ነፍሳትን ያርቃል።

ጭሱ የማይደርስለት የታችኛው ክፍል ነው። ሁለተኛው ምክንያት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ምስጥ የበላው ወይም የበሰበሰው ግርጌ ሲበዛ የተበላሸው ክፍል ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል። የተቀረው ልባስ ጤነኛ ስለሆነ እንደገና ይቆማል። ይህ በየጊዜው ስለሚደጋገም የቤቱ ቁመት ዕድሜውን ይናገራል፤ ረጅሙ ወጣት፣ አጭሩ አዛውንት ነው። ልባሱ አንድ ወጥ ስለሆነ ባስፈለገ ጊዜ ብዙ ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን ከነቅርጹ አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። አንትሮፖሎጂስቷ ጁዲት ኦልምስቴድ እ.ኤ.አ. በ1972 በጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስ ስለዚሁ የቀርከሃ ቤት ጽፋለች።

አዲስ ቤት ሲሠራ ቁመቱ ከሚያስፈልገው በላይ የሚረዝምበት አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ተጨማሪው ሜትር ለወደፊቱ ብስባሽ በቅድሚያ የተቀመጠ መጠባበቂያ ሆኖ ያገለግላል። የዛሬ መሐንዲሶች የብረት ቧንቧ ዝገት እንደሚበላው አስቀድመው አስበው ውፍረት እንደሚጨምሩለት ማለት ነው።

ጭሱ ለቤቱና ለሳንባው

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን ዛሬ ከባድ ጥያቄ ተደቅኖበታል። ቤቱን የሚጠብቀው ጭስ ሰውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው መሞታቸውን ይገምታል። በይበልጥ የሚጎዱት ምድጃ አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ማብሰያውን ከመኖሪያው ለይቶ ማውጣት ለጤና ትክክለኛ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ እሳቱ ከቤት ሲወጣ ቀርከሃው ማድረቂያውንና መከላከያውን ያጣል። ለሳንባ የሚበጀው ለቤቱ ዕድሜ አይበጅም።

የቆርቆሮ ጣሪያም ሌላ አማራጭ ሆኖ ቀርቧል። ቶሎ ይሠራል፣ የበሰለ ባለሙያም ሆነ የብዙ ጎረቤት ጉልበት አይጠይቅም። በአንጻሩ ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የእንሰት ልባስ ግን በመካከሉ የሚይዘው አየር የደጋውን ብርድ ይከላከላል። ረጅም ቤት ረጅምና የደረሰ ቀርከሃ ይፈልጋል፤ መሬት ለልጆች ሲከፋፈል የቀርከሃው ቦታ ይጠባል። በዚያ ላይ ቀርከሃ ከአሥርት ዓመታት በኋላ አብቦ፣ ዘር ሰጥቶ በጅምላ የሚሞት ተክል ነው። ያበበበት አካባቢ አዲሱ ዘር አድጎ ለሥራ እስኪደርስ ዓመታት መጠበቅ ግድ ይለዋል።

ለጭሱ ችግር የሚሆን መፍትሔ ግን አለ። በብዙ የዓለም ክፍሎች ቀርከሃ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በተሟሟበት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ጨዎቹ ወደ ውስጥ ሰርገው ነቀዝንና ሻጋታን ይከላከላሉ። ደካማ ጎናቸው ዝናብ ሲያገኛቸው ታጥበው መውጣታቸው ነው። የዶርዜ ቤት ስንጣቂ ከእንሰቱ ልባስ በታች ስለሆነ ከዝናብ የተጠለለ ነው። ግርጌውን ደግሞ ከእርጥብ መሬት ከፍ አድርጎ በድንጋይ ላይ ማሳረፍ በቀርከሃ ግንባታ የታወቀ ደንብ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ምድጃው የሚሠራውን ሥራ ሊተኩ ይችላሉ።

የሚጎድለው ልኬት ነው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ አይ ኤስ ኦ፣ ለቀርከሃ ግንባታ 22156 የተሰኘ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2004 አውጥቶ በ2021 አሻሽሎታል። ደረጃው የሚያተኩረው ግን ባልተሰነጠቀ ክብ ቀርከሃ ላይ ነው፤ እንደ ዶርዜ ቤት ያለ ተጎንጉኖ የቆመ ልባስ ከዚያ ውጭ ይቀራል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በቤጂንግ የሆነው ዓለም አቀፉ የቀርከሃና ራታን ድርጅት በአዲስ አበባ የቀጠና ቢሮ አለው። በአገሪቱ ያሉ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶችም ቁጥር ሊያወጡለት የሚችሉ መሣሪያዎች አሏቸው። አንድ መገናኛ ምን ያህል ይይዛል? ልባሱ በስንት ነፋስ ይነቃነቃል? የታከመ ስንጣቂ ከጭስ ውጭ ስንት ዓመት ይቆያል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቁጥር መልስ ሲገኝ፣ በዚህ ዘዴ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ለፈቃድ ሰጪው አካል የሚያሳየው ስሌት ይኖረዋል።

እስከዚያው ዕውቀቱ ያለው በሰዎች እጅ ላይ ነው። የትኛው ግንድ እንደደረሰ፣ ከውስጥ ምን ያህል እንደሚፋቅ፣ ዙሩ ከየት ጀምሮ እንደሚጠብ የሚያውቁት ቤቱን ሲሠሩ የኖሩ አባቶች ናቸው። ወጣቱ ሸማኔ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሲወርድ መቃኑንና መወርወሪያውን ይዞ ይሄዳል፤ ቤት የመጎንጎን ሙያ ግን ቀርከሃው ካለበት ተራራ ውጭ የሚለማመዱት አይደለም። አንድ ቀርከሃ ለመሰንጠቅ እስኪደርስ ሦስት ዓመት ይበቃዋል፤ ደርሶ መቆረጡን ከልጡ ቀለም የሚለይ ባለሙያ ለማፍራት ግን ከዚያ የረዘመ ጊዜ ያስፈልጋል።